ጋሽ ሰይድ ባዶ የተዉት ቦታ

«ምኑን ነካሽው?»

ይሄ የጋሽ ሰይድ ጥያቄ ነው። ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶበት እያለከለከ የመጣ ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው ይሄንኑ ነበር። እኔን ግን አብሬያቸው በሠራሁበት አንድ ዓመት ውስጥ አንዴ ብቻ ጠየቁኝ። ዋሸኋቸው። ባለፈው ወር ኩታበር ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ስልኬ ጠራ፤ እናቴ ናት። «ጋሽ ሰይድ አረፉ፣ ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ። ሰው የሚወደው ሰው ሲሞት ያለቅሳል አይደል? እኔ ፈራሁ። ጠያቂው ሄዱ፣ መልሱ እኔ ጋ ቀረ ብዬ ነው የፈራሁት።

ሱቃቸው መካነ ሰላም ከመናኸሪያው ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ብሎ ነው። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ኮፒ ያደርጋሉ፣ ኮምፒዩተር ይጠግናሉ። ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት ስቀመጥ እናቴ እየጎተተች ወሰደችኝ። ጋሽ ሰይድ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንድ የተፈታታ ማሽን ላይ አጎንብሰው ነበር። ቀና እንኳ አላሉም። ምን ተማረች አሉ። ኮምፒዩተር ሳይንስ፣ በዲግሪ፣ አለች እናቴ በኩራት።

«እንግዲያው እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጥ። አንድ እግሩ ተሰብሯል፣ እስካሁን ዲግሪ ያለው ሰው አልሞከረውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዲግሪ ሆኖ ቀረ። ዲግሪ፣ ወረቀት ጨምሪ። ዲግሪ፣ ሰውየውን አስተናግጂው። መቅደስ ብለው የጠሩኝን ብቆጥር የአንድ እጅ ጣት ይበቃኛል።

በወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆነው ብዙ ዘመን ሠርተዋል። ጣታቸው ያንን አልረሳም፤ ኪቦርዱን እንደ ሚስማር ነበር የሚመቱት፣ ሲጽፉ ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቤት ይዘውት የመጡት ሌላ ልማድ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ። በድሮ ደብዳቤ ግርጌ፣ በግራ በኩል፣ ደብዳቤውን የመታው ታይፒስት የስሙን መነሻ ፊደላት ያስቀምጥ ነበር። ጋሽ ሰይድ ይሄን ወደ ጥገና አመጡት። አንድ ሰማያዊ ደብተር አላቸው። ማሽን ከመንካታቸው በፊት ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ እንዴት እንደነበረ ይጽፋሉ፤ ከነኩ በኋላ ምኑን እንደነኩ ይጽፋሉ፤ መጨረሻ ላይ የነካው ሰው ምልክት ይቀመጣል። የሳቸው «ሰይ» ነው፣ የኔ «መቅ»። ማውዝ ስቀይር ሳይቀር።

አንድ ቀን መረረኝና ይሄ እኮ ጊዜ ማባከን ነው አልኳቸው። አልተቆጡም። ታይፒስት እያሉ የአንድ ገበሬ የመሬት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ዘለው እንደነበር ነገሩኝ። ሰውየው ጉዳዩ ተሰናክሎበት ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ከርሞ፣ በመጨረሻ አንዱ ግርጌውን አንብቦ «ሰይ» የሚለውን አሳየው። በቀጥታ እሳቸው ጋ መጣ፣ በዚያው ቀን ተስተካከለለት።

«ምልክቱ ባይኖር ዛሬም ይመላለስ ነበር» አሉኝ። «የነካው ሰው ካልታወቀ፣ ዲግሪ፣ የሚጠግነው ሰው በጨለማ ነው የሚዳብሰው።»

ደንበኛ ግን ሁሉም አንድ መልስ ነው ያለው፤ ምንም አልነካሁም። ያኔ ጋሽ ሰይድ ይስቃሉ። እንግዲያው ማሽኑ ራሱ ተነስቶ ሲዞር አድሮ ነዋ፣ ይላሉ። ሰውየው ሲያፍር ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አብሽር ይሉታል፣ አልቆጣህም፣ ንገረኝና ቶሎ እንገላገል። ሰው የሚዋሸው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እኔ ያኔ ሲሰለቸኝ ዓይኔን አዞር ነበር። ፍርሃት ምን እንደሚያስዋሽ አላውቅማ።

ሱቁ ውስጥ ካሜራ ያለው አንድ ማሽን ብቻ ነው፤ ስክሪኑ አናት ላይ የምትሰካ ትንሽ ካሜራ። ጋሽ ሰይድ ዓይኗ ላይ የቁስል ፕላስተር ይለጥፉባታል። ሳልፈቅድላት አታየኝም ይላሉ። የስልክ ዳታ በማይሠራበት በዚያ ጊዜ የኢንተርኔት መስመር የነበረው እኛ ሱቅ ስለሆነ፣ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉ እናትና አባቶች ከወግዲም ከከላላም እየመጡ እዚያች ካሜራ ፊት ይቀመጣሉ። ፕላስተሩን የሚነቅሉት ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ናቸው፤ ሲጨርሱ መልሰው ይለጥፉታል።

እትዬ ዘነቡም እንደዚያ ነው የመጡት። ከወግዲ በኩል፣ ከገጠር፣ ግማሹን መንገድ በእግር። ልጃቸው አለምነሽ ዓረብ አገር ከሄደች አራት ዓመቷ ነበር። ስትሄድ ደላላው ፓስፖርቷ ላይ ሀያት ብሎ በእስላም ስም አስወጣት፣ ዕድሜዋንም ከፍ አደረገው። እኛ አገር ብዙ የክርስቲያን ልጅ እንደዚያ ነው የምትሄደው፣ ማንም አይገረምም። ችግሩ የሚመጣው ኋላ ነው። አለምነሽ አሠሪዋ ደብድባት ከቤት ወጣች፣ ተይዛ መጠለያ ገባች። ወደ አገሯ ሊልኳት ማንነቷ ይጣራ ተባለ። እነሱ ጋ ያለው ወረቀት ሀያት ይላል፤ እናቷ ከቀበሌ ያወጡት አለምነሽ ይላል። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ሰው። ስለዚህ እናትና ልጅ በካሜራ ይተያዩና እናትየው በአንደበታቸው ይመስክሩ ተባለ። ቀጠሮው አስራ አምስት ደቂቃ ነው። ካመለጠ ወረፋው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ልጅቷም ከመጠለያው ወደ እስር ቤት ትዛወራለች።

ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። የጉዳያቸውን ደብዳቤ ሁሉ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ።

አሁን የነካሁትን ልናገር። ያ ማሽን ሲስተሙ አርጅቶ ነበር። ጊዜው አልፎበታል የሚል ማስታወቂያ በየሰዓቱ ብቅ ይልብኛል፣ ያበሳጨኛል። እናሳድገው ብዬ ጋሽ ሰይድን ስንት ጊዜ ጨቀጨቅኳቸው። የዘነቡ ልጅ ቀጠሮ ይለፍ፣ ከዚያ እናያለን አሉኝ። በቃ፣ ይሄው ነው ያሉት። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ዘመድ ሞቶባቸው ቀብር ሲሄዱ፣ እኔ ብቻዬን ስሆን፣ አዲሱን ሲስተም ጫንኩት። እስከ ማታ ፈጀ። ሲነሳ አምሮ ተነሳ፣ ደስ አለኝ። ደብተሩ ላይ ልጽፍ አነሳሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

በነጋታው ጠዋት የቀጠሮውን ሊንክ ከፍቼ ሞከርኩት። ብሮውዘሩ ትንሽ ሳጥን አወጣ፤ ይሄ ገጽ ካሜራህን ሊጠቀም ይፈልጋል፣ ትፈቅዳለህ ወይስ ትከለክላለህ? እኔ ብቅ የሚል ሳጥን ሁሉ ሳላነብ ነው የምዘጋው። ብሎክ፣ ከልክል የሚለውን ነካሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ጋሽ ሰይድ ፕላስተሩን ነቀሉ። ስክሪኑ ጥቁር። ከወዲያ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፣ ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ ናት፤ የእናትየውን ፊት ሳላይ ልጅቷን አላቀርብም አለች። ጥቁሩ ላይ ካሜራው ተከልክሏል የሚል ጽሑፍ አለ። የዘጋሁትን ሳጥን አስታወስኩ። ከአድራሻው ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ነክቼ ብሎክ የሚለውን ወደ ፍቀድ ቀየርኩት፣ ገጹን እንደገና ጫንኩት። አሁንም ጥቁር።

እዚያ ላይ ነው ትናንት የጫንኩት ሲስተም ትዝ ያለኝ።

ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው፣ እትዬ ዘነቡ እንዳይሰሙ፣ ጆሮዬ ስር ጠየቁኝ።

«ምኑን ነካሽው?»

«ምንም አልነካሁም።»

እንደዚህ ብዬ ነው የመለስኩት። ደንበኛው ሁሉ የሚላትን። እሳቸው ደግሞ አመኑኝ። ለሌላው ሰው ይስቁ ነበር፣ ለኔ አልሳቁም። ምንም ካልተነካ ሽቦው ነው ብለው ጠረጴዛ ስር ገቡ። የካሜራውን ሽቦ ነቅለው ሌላ ቦታ ሰኩት። ጥቁር። ሌላ ብሮውዘር ክፈቺ አሉኝ፣ ከፈትኩ። ጥቁር። ማሽኑን አጥፍተን አበራን፤ እሱ ብቻ አራት ደቂቃ በላ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ሲነሱ ሲቀመጡ ጠረጴዛውን ይይዛሉ፣ ላብ በአፍንጫቸው ይወርዳል። እኔ ባልዋሽ ኖሮ የት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር። በጨለማ አስገባኋቸው።

ከዚህ የባሰም አለ፣ እሱንም ልናገር። ሲስተሙ ሲያድግ የካሜራውን ፈቃድ ራሱ ዘግቶት ሊሆን እንደሚችል ሀሳቡ መጥቶልኛል። ዲግሪ አለኝ አይደል። ግን ያንን የሴቲንግ ገጽ ከከፈትኩ አዲስነቱ ይታያል፣ ውሸቴ ይታወቃል። ስለዚህ እጄን ማውዙ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አንዲት እናት ጎኔ ተቀምጣ፣ እኔ ላለመታወቅ ቆምኩ።

እትዬ ዘነቡ ስክሪኑ ጥቁር ይሁን እንጂ ልጃቸው የምታያቸው መስሏቸዋል። ከጥቁሩ ፊት ፈገግ ይላሉ፣ ይተዋሉ። ፀጉራቸውን ወደ ሻሹ ውስጥ ይከታሉ። ተከልክሏል የሚለውን ጮክ ብዬ አንብቤው ነበርና ጥፋቱ የሳቸው መሰላቸው። ሻሼን ላውልቀው እንዴ አሉኝ። ፊቴ አይታይም ይሆን፣ ከመንገድ እንደመጣሁ ሳልታጠብ ነው የተቀመጥኩት፣ አሉኝ። ከወዲያ ያለችው ሴት አምስት ደቂቃ ቀረ አለች።

ጋሽ ሰይድ ከጠረጴዛው ስር ወጥተው ስክሪኑን ሲያዩ ነው የቆሙት። ከስክሪኑ ግርጌ ያለችው የመጀመሪያዋ ቁልፍ፣ በድሮው ሲስተም ሁልጊዜ በግራ ጥግ የምትሆነው፣ መሀል ላይ ነበረች። አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ረጅም አይደለም፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ፣ በእነዚያ እንደ መዶሻ በሚመቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ሴቲንግ ገቡ፣ ካሜራ የሚለውን ከፈቱ። ለሁሉም ፕሮግራም ተዘግቷል። አንዱን አበሩት፣ ዝቅ ብለው ለብሮውዘሩ የሚፈቅደውንም አበሩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። የካሜራዋ አረንጓዴ መብራት በራ፣ የእትዬ ዘነቡ ፊት ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«አብሽሪ እታለም፣ አሁን ያዩሻል» አሏቸው።

ልጅቷ ቀረበች። ጥቁር ሻሽ እስከ ቅንድቧ ድረስ ወርዷል፣ ጉንጯ ገብቷል። ሠራተኛዋ ልጅዎት ናት ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ ዘነቡ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። እንደገና ጠየቀች። ልጃቸውን አላወቋትም። የተሰበረውን ወንበር ይዤ ነው የቆምኩት። በመጨረሻ ሻሽሽን ከግንባርሽ አንሺው አሏት። አለምነሽ ወዲያ ወዲህ አየችና አነሳችው። ግንባሯ ላይ፣ የክርስቲያን ልጅ መስቀል በምትነቀስበት ቦታ፣ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው።

«ያስነቀስኩሽን ምን አደረግሽው?»

«ደላላው አጥፊው አለኝ፣ እማ። በአሲድ ነው።»

እትዬ ዘነቡ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ ጠባሳው ላይ አደረጉ። «የኔ ናት» አሉ ለሠራተኛዋ። «ያረፈበትን ቦታ አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያስነቀስኳት፣ ስትነቀስ እጇን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ተመዘገበ። ተዘጋ። ገና ስለ ጤናዋ እንኳ ሳይጠይቋት ጊዜው አለቀ። እትዬ ዘነቡ ዘወር አሉ፣ ቁጣ የለባቸውም፣ ፊታቸው ግን አመድ ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ልጄን ማን ነው የከለከለኝ ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ሰይድ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ እታለም። ትናንት ሳልጠነቀቅ ነካክቼው ነው። አውፍ በይኝ።»

እትዬ ዘነቡ ይቅር አላሏቸውም። «ልሞት ነበር» ብቻ ብለው ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

ጋሽ ሰይድ ፕላስተሩን መልሰው ለጠፉ። ሰማያዊውን ደብተር አወጡ። ሰዓቱን ጻፉ። «የካሜራ ፈቃድ ተዘግቶ ነበር፣ ተከፈተ» ብለው «ሰይ» አደረጉበት። ከሱ በላይ ባለው መስመር «ሲስተም ተቀይሯል» ብለው ጻፉ፣ የምልክቱን ቦታ ባዶ ተዉት። ደብተሩን እንደተከፈተ፣ እስክሪብቶውን ከላዩ አድርገው እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ለአሱር ሶላት ሄዱ።

ሁለት ፊደል ነው። መ እና ቅ። ደብተሩን ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ዲግሪ ይሉኛል፣ ይቀልዱብኛል፣ እንደ ድሮው ናቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ባነሱ ቁጥር ዓይኔ እጃቸው ላይ ነው፤ ያንን ገጽ እንዳይገልጡት ብዬ ሰው ሳያይ በማጣበቂያ ላጣብቀው ያሰብኩበት ቀን አለ። ኩታበር ሥራ አግኝቼ ልሰናበታቸው ስሄድ መርቀውኝ ሲያበቁ፣ ደብተሩ እዚሁ ነው ያለው አሉኝ። ይሄው ነው። እሺ ብዬ ሮጥኩ። ሰው እሺ ብሎ ይሮጣል?

ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም፤ ሰደቃቸው ላይ ነው የደረስኩት። ድንኳኑ ሞልቷል። የመካነ ሰላም ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ማመልከቻ ያልጻፉለት የለም። ከሴቶቹ መሀል ገብቼ ተቀመጥኩ። ዱአው ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ቀብር ላይ ያልደረሳችሁ ከሩቅ የመጣችሁ አላችሁ፣ አሉ፤ ሰይድ ላይ ያልተከፈለኝ ሐቅ አለኝ የምትሉ ተናገሩ፣ ያስቀየማችሁም ካለ አውፍ በሉት፣ ሰውየው ሳይከብደው ይሂድ።

ከፊት በኩል አንዲት ሴት ተነሱ። እትዬ ዘነቡ ናቸው። አጠገባቸው ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ወጣት ተቀምጣለች። ስክሪን ላይ ካየኋት ወፍራለች፣ ግን አወቅኳት።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ደንቡን አላውቅም» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ግን አንድ ቀን ማሽናቸውን ነካክተው ልጄን ከለከሉኝ። አውፍ በይኝ ሲሉኝ ዝም ብያቸው ሄድኩ። ይቺው ልጄ ቤቷ ገብታለች። ላጠፉብኝ አውፍ ብያቸዋለሁ።»

አሚን አለ ሕዝቡ።

ሽማግሌው ሌላ ካለ ብለው ዙሪያውን አዩ፣ ሊቀመጡ ነው። ያላጠፉት ጥፋት በይቅርታ ታሽጎ ስማቸው ላይ ሊቀር ነው። እናቴ ከጎኔ አለች፤ ኩታበር ያለችው ልጄ እያለች ለሴቶቹ ስታወራ ነው የቆየችው። እንደዚያ ቀን የምይዘው ወንበር አልነበረም። የፊት ሴትዮዋን ትከሻ ይዤ ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«እትዬ ዘነቡ፣ እሳቸው አይደሉም። ሲስተሙን የነካሁት እኔ ነኝ። ቀጠሮው ይለፍ ብለውኝ ነካሁት፣ ምኑን ነካሽው ሲሉኝ ምንም አልነካሁም አልኳቸው። እኔ ነኝ፣ መቅደስ።»